ወገቡን የሚያመው ቤተሰብ

እሁድ እሁድ ፊታችንን እንታጠባለን። በሌላው ቀን መታጠብ አልተከለከለም፤ ግን ማን ይታጠባል? ሰኞ ጠዋት ሁላችንንም አንድ ቀለም የሚያደርገንን ቅብ ከራስ እስከ እግር ተቀብቶ፣ እስኪደርቅ ድረስ እንደተሰጣ ልብስ እጁን ዘርግቶ የቆመ ሰው ማክሰኞ እንደገና ልጀምር አይልም። በየማለዳው ከጆሮ ጀርባና ከጣት መሃል የለቀቀውን እየደረብን ሳምንቱን እንገፋለን። ትምህርት ቤት በር ላይ ቀለማችንን የሚለካው መብራት ያልፍብንና "ልክ" ይላል፤ እንገባለን። "ልክ አይደለም" ካለ ዘበኛዋ እትዬ ኅዳር የቅብ ቱቦ ከኪሳቸው አውጥተው አንገታችንን ለቅለቅ ያደርጉልናል። ጥሩ ሰው ናቸው።

ማልቀስ ግን አይቻልም። እንባ ሲወርድ ቅቡ ላይ መስመር ይሠራል፤ መስመሩን ደግሞ ሁሉም ያየዋል። ስለዚህ ልቅሶ ሲመጣብን ቀና ብለን ጣሪያ እናያለን። የፈተና ውጤት የተነገረ ቀን ክፍላችን ብትገቡ፣ ግማሹ ተማሪ ጣሪያ ሲያይ ታገኙታላችሁ።

ስሜ ማለዳ ነው። በክፍላችን ማለዳ የምንባል አምስት ነን። ስም የሚወጣው ከወር፣ ከወቅትና ከቀኑ ሰዓት ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ስም የማን አገር ልጅ እንደሆንን አይናገርም። አባቴ ሐምሌ፣ እናቴ ጸደይ ይባላሉ። የሒሳብ አስተማሪያችን ረፋድ ይባላል፤ ምስኪን፣ እሱ ላይ ቀልድ አልቆበታል።

አሥራ ስድስት ዓመት እስኪሞላን ቅብ ነው። ከዚያ በኋላ ቅብ አይሸጡልንም፤ ማስተካከያ ቤት እንገባና ለአንዴና ለሁልጊዜ ልክ ሆነን እንወጣለን። ቀለሙ፣ አፍንጫው፣ ግንባሩ፣ ጸጉሩ፣ ሁሉም። የሴቱ አንድ መልክ ነው፣ የወንዱም አንድ። ጉሮሯችንንም ነካ ያደርጉታል፤ ድምፃችን እንዳለ ይቆያል፣ የሚሄደው ቅላጼው ነው። ትልልቅ ሰዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው። እርስ በርስ የሚተዋወቁት በልብስ፣ በአረማመድና በድምፅ ነው፤ ለምደውታል።

እሁድ አባቴ ሥራ የለውም። መጋረጃውን ይዘጋና በገንዳ ለብ ያለ ውሃ ሳሎን መሃል ያስቀምጥልኛል። እታጠባለሁ። ውሃው እየደፈረሰ ሲሄድ ፊቴ ብቅ ይላል። እኔ ጥቁር ነኝ። ይህ ቃል አሁን ለሰው አይነገርም፤ ለጫማና ለሰሌዳ ነው የቀረው። ግን እሁድ እሁድ እኔ ጥቁር ነኝ፣ ግንባሬ ሰፊ፣ ጉንጬ ከፍ ያለ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ቆንጆ። አባቴ ፊት ለፊቴ ዱካ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ትንሽ ሆኜ ጆሮዬን በደንብ መታጠቤን የሚያረጋግጥ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን፣ "ምን ታየኛለህ አባዬ?" አልኩት።

"እናቴን" አለኝ።

አያቴ የሞተችው እኔ ሳልወለድ ነው። ፎቶዋ አለን፤ ግን ፎቶዎችም ልክ ገብተዋል። ስልክ ውስጥ ያለውም፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውም፣ አንድም አልቀረ። አያቴን በፎቶ ሳያት የጂኦግራፊ አስተማሪያችንን ትመስላለች። አባቴም የራሱ ፊት የለውም፤ በመጀመሪያው ዙር ከባሮ ዳር አምጥተው ሲያስተካክሉት ገና ጎረምሳ ነበር። የአያቴ ፊት የቀረው እኔ ላይ ብቻ ነው፣ ያውም እሁድ እሁድ።

አባቴ አንድ አመል አለው። ደስ ሲለው ይነሳና ሁለት ክንዱን ያነሳል። ቀኙን ወደ ላይ ሰቅሎ ወደ ፊት ያጎብጠዋል፤ ግራውን ደግሞ አጥፎ በዓይኑ ፊት ወደ ታች ያወርደዋል። እንዲህ ሆኖ ትንሽ ይቆያል። ክፍል ያለፍኩ ቀን አድርጎታል። ወጥ የጣፈጠ ቀንም ያደርገዋል። "ምን ሆነህ ነው?" ስለው "ወገቤን ላፍታታው ብዬ ነው" ይላል። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ይህን ወገብህን ሐኪም ይየው። መስኮቱ ክፍት ነው" ትለዋለች። ወገብንና መስኮትን ምን እንዳገናኛቸው ልጅ ሆኜ አልገባኝም ነበር።

እናቴ ሁሉም አንድ መልክ ይኑረው የሚለውን አዋጅ ትወደዋለች። አልፈርድባትም። ታላቅ ወንድሟን በክፉው ዘመን ኬላ ላይ ከአውቶቡስ አውርደው ስሙን ጠየቁት። ነገራቸው። ፊቱንም አዩት። አውቶቡሱ ያለ እሱ ሄደ። እናቴ ያን ጊዜ ልጅ ነበረች፣ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። "አሁን ማንም ማንንም አውርዶ አይጠይቅም" ትላለች፤ እውነቷን ነው። እኔ ኬላ አይቼ አላውቅም። ምን እንደሚመስልም አላውቅም።

የሚያስፈራኝ ማስተካከያው አልነበረም። የሚያስፈራኝ ከዚያ በኋላ ያለው የመቀበያ አዳራሽ ነው።

ልክ የገቡ ልጃገረዶች አንድ ዓይነት ግራጫ ቀሚስ ለብሰው ተሰልፈው ይቆማሉ። ፊታቸው አንድ ነው፤ ጉሮሯቸው ስለደነዘዘ ለጥቂት ቀን ድምፅ አይወጣቸውም። ወላጆችም በልብሳቸው ላይ ግራጫ ካባ ደርበው ይገባሉ። ከዚያ "ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዷ የሁሉም ልጅ ናት" ይባልና ቤተሰብ ሁሉ አንዲት ልጅ ይዞ ይወጣል። የትኛዋንም። በር ላይ የተመዘገበችው የዚያ ቤት ልጅ ናት፤ በኋላ ተሳስቻለሁ ማለት አንዷ ልጅ ከሌላዋ ትበልጣለች ማለት ስለሆነ ያስከስሳል። ስለዚህ ሁሉም የራሱን ልጅ በዓይኑ እየፈለገ፣ የማይፈልግ መስሎ ይዞራል። ምልክት መስጠት ክልክል ነው። ምልክት ስትሰጥ የተያዘችውን ልጅ ቢሮው ራሱ ለወደደው ቤት ይሰጣታል።

ጓደኛዬ ክረምት ከእኔ ጥቂት ወር ቀድማ ገባች። ትምህርት ቤት ስትመለስ ግቢው ውስጥ ስፈልጋት ሁለት ሦስቴ አልፌያታለሁ። "አንቺ ዕውር፣ እዚህ ነኝ እኮ" ስትለኝ ነው የዞርኩት።

ክረምትና እናቷ በድብቅ ተስማምተው ነበር። ግራ ጆሮዋን ልትነካ። ችግሩ ከጎኗ የቆመችውም ከእናቷ ጋር የተስማማችው ግራ ጆሮን ነው። ሁለቱም ነኩ። የክረምት እናት ያቺኛዋን ይዘው ወጡ።

"አዲሷ እናቴ ደህና ሰው ናቸው" አለችኝ ክረምት። "ሽሮ ላይ ጨው ያበዛሉ እንጂ።" ከዚያ ቀና ብላ ሰማይ ሰማዩን አየች። አሁን እኮ ቅብ የለባትም፣ ብታለቅስም መስመር አይሠራባትም። ግን ልማድ ነው። የወለደቻት እናቷ የሚኖሩት ሌላ ሰፈር ነው። ክረምት አንዳንዴ እዚያ ፌርማታ ትወርድና በራቸው አጠገብ ካለው ሱቅ ከረሜላ ትገዛለች። ከረሜላ አትወድም፤ ለእኔ ነው የምትሰጠኝ።

ይህን ሰምቼ ቤት ገባሁና ራት ላይ፣ "እኛም አንድ ምልክት እንስማማ" አልኩ።

"ምን ሲደረግ?" አለች እናቴ። "ዘጠኝ ወር ተሸክሜሽ፣ አጥብቼሽ፣ ኩፍኝ ይዞሽ ስትነጂ ጭኔ ላይ ታቅፌሽ ከርሜ፣ አሁን ላላውቅሽ?"

"ክረምትንም የወለዷት እናቷ ናቸው።"

"የክረምት እናት ድሮም ልባቸው ሌላ ጋ ነው። ብዪ፣ ጉረሺ።"

ወደ አባቴ ዞርኩ። የቆረሰውን እንጀራ ይዞ ሳይጎርሰው ቆየ። እሱን ምን እንደያዘው አውቄያለሁ። ባለፈው ዝናብ ፌርማታ ላይ ሊቀበለኝ መጥቶ የሰው ልጅ አቅፎ ነበር። ሁላችንም አንድ ዓይነት ጃንጥላ ይዘናል፣ ሁላችንም ተቀብተናል፤ እኔ ከጎኑ ቆሜ አየዋለሁ። ልጅቷም ደግ ናት መሰለኝ ዝም ብላ ታቀፈችለት። ቤት ስንገባ ስቀን አላባራንም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አባቴ ስሜን ጠርቶ "አቤት" ካላልኩ በቀር አይነካኝም።

የመጨረሻው እሁድ እናቴ ዕድር ሄዳ ነበር። አባቴ ውሃውን ከወትሮው አሞቀው። ታጠብኩ። ዱካው ላይ ተቀምጦ አየኝ፤ እኔም ዝም ብዬ ታየሁለት። አንገቴ እስኪደክመኝ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም። ምን ያህል ሲያየኝ ቢቆይ እንደሚበቃው አላውቅም ነበር፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

በመጨረሻ፣ "ወገቤን አሞኝ አያውቅም" አለኝ።

"ጠርጥሬያለሁ።"

"በሬ ነበረኝ።" ትንሽ ፈገግ አለ። "እኛ አገር ልጅ ግንባሩ ተቆርጦ ወንድ ሲባል አባቱ በሬ ይሰጠዋል። ለእርሻ አይደለም፣ ለሥጋም አይደለም። የበሬውን ስም የራሴ ስም አደረግኩ። ዘፈን አወጣሁለት። ግራ ቀንዱን ገና ሳያድግ አጎቴ ቆርጦ ስለገራው ዓይኑ ላይ ወርዶ ነበር ያደገው። ስንጨፍር ክንዳችንን እንደ በሬያችን ቀንድ እናደርጋለን። የአንዱ ቀንድ የሌላውን አይመስልም፤ ከሩቅ ክንዴን ያየ ሁሉ እኔ መሆኔን ያውቃል።"

ጣቱን ከአንዱ ጆሮው ወደ ሌላኛው በግንባሩ ላይ አሳለፈው። "እዚህ መስመሮች ነበሩኝ። በደንብ ሳይድኑ አጠፏቸው።"

የበሬውን ስም ነገረኝ። እዚህ አልናገረውም፤ እሱ ለእኔና ለአባቴ ይቅር።

"ተነሺ" አለኝ ቀጥሎ። ተነሳሁ። ክንዴን ይዞ አስተካከለልኝ። "ቀኝሽን ከፍ። ግራሽን ዝቅ፣ ዓይንሽ ላይ። ክርንሽን ውጪ አድርጊ። እንዲያ።" ምልክት ይሁነን አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። ዕድሩ በሰላም ተበትኖ እናቴ እስክትመጣ ድረስ ሁለታችንም ወገባችንን ስናፍታታ ቆየን።

ስለ ማስተካከያው ብዙ የምለው የለኝም። አስተኙኝ፣ ነቃሁ። ነርሷ ደግ ነበረች፤ "ድምፅ አይወጣሽም፣ አትታገዪ የኔ እናት" እያለች ከንፈሬን በእርጥብ ጨርቅ ታብስልኝ ነበር። መስታወት ሰጠችኝ። ክረምትን አየሁ። እትዬ ኅዳርን በወጣትነታቸው አየሁ። እናቴንም አየሁ፤ እናቴን መስዬ አላውቅም ነበር፣ ስለዚህ እሱ እንኳ ትንሽ ደስ አለኝ። ከዚያ እሁድ ትዝ አለኝና መስታወቱን መለስኩላት።

አዳራሹ ውስጥ እጃችንን ወደ ጎን አድርገን፣ ዓይናችንን ሰበር አድርገን ተሰለፍን። ተቆጣጣሪዋ ጫማዋ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ከፊታችን ስትመላለስ ከሱ ሌላ የሚሰማ ድምፅ የለም። ንግግሩ አለቀ፣ ወላጆች ገቡ። ሁሉም በዝግታ፣ ገበያ ላይ ዋጋ እንደማይጠይቅ ሰው ዝም ብለው ያያሉ።

እናቴን በአረማመዷ ለየኋት። ባቡር የሚያመልጣት ነው የምትመስለው። ከሰልፉ ጫፍ ጀምራ እያንዳንዷን እያየች መጣች። እኔ ጋ ደረሰች። ዓይኗ ዓይኔ ላይ አረፈ። አለፈችኝና ከጎኔ የቆመችውን ልጅ እጅ ያዘች።

"ይቺን" አለች። ድምጿ ውስጥ ጥርጣሬ አልነበረም።

አፌን ከፈትኩ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ልጅቷ እጇን መልሳ ልትስብ ትሞክራለች። እሷም እንደኔ አፏን ከፍታ ትንፋሽ ታወጣለች። እናቴ ደግሞ የፈራሁት እኔ መስያት እጇን እያሸች ታባብላታለች። ይህን ያህል ፈርቼ አላውቅም። አባቴ ከእናቴ ኋላ ቆሞ ልጅቷን አየ፣ እኔን አየ፣ ከእኔ ቀጥላ ያለችውን አየ። እንደ ፌርማታው ቀን እንዳይሳሳት ፈርቶ ማንንም አልነካም።

ክንዴን አነሳሁ። ቀኜን ከፍ፣ ግራዬን ዝቅ፣ ዓይኔ ላይ።

የአባቴ ክንዶች ተነሱ። አስቦ ያደረገው አይመስለኝም፤ ስሙን ሲጠሩት "አቤት" እንደሚል ሰው ነው የተነሱት። በዚያ ሁሉ ግራጫ መሃል ሁለታችን እንዲያ ሆነን ተያየን።

ጫማው ሲጥ ሲጥ እያለ መጣ። "ይህ ምንድን ነው?" አለች ተቆጣጣሪዋ። "ምልክት ነው?"

አባቴ ክንዱን ማውረድ ረስቷል። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ ያየናል። እናቴም ዞረች፣ የልጅቷን እጅ እንደያዘች። እኔን አየች። አባቴን አየች። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ክንድ የተነሳ መስኮት ስትዘጋ የኖረች ሴት ናት። ወንድሟን ከአውቶቡስ ሲያወርዱት ከኋላ ወንበር ሆና ዝም ያለች ልጅም እሷው ናት። የልጅቷን እጅ ቀስ ብላ ለቀቀች።

"ወገቧ ነው" አለች።

"ምን?"

"ወገቧን ነው የሚያማት። ከአባቷ ወርሳው ነው። እንዲህ ካላፍታታችው አይለቃትም።"

"እርስዎ እኮ አሁን ሌላዋን ይዘው ነበር" አለች ተቆጣጣሪዋ።

"ዓይኔም ደክሟል፣ ወገቤንም ያመኛል" አለች እናቴ። "እኛ ቤት ሁሉንም ያመዋል።" ይህን ብላ እሷም ክንዷን አነሳች። ሁለቱንም ወደ ላይ፣ ጣቶቿን በልጥጣ። በሬ ሳይሆን ከላይ መደርደሪያ ድስት የምታወርድ ነበር የምትመስለው። እንዲያም ሆኖ አላወረደችውም።

ተቆጣጣሪዋ ሦስታችንንም አየችን። ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ ፊቷ ከእናቴ ፊት አይለይም። ድሮ እሷስ የማን ልጅ እንደነበረች ማን ያውቃል? "ሐኪም ይያችሁ" አለች በመጨረሻ፣ ወደ በሩ እያመለከተች። "ቤተሰቡ በሙሉ።"

ተመዘገብኩ። ስንወጣ ዞር ብዬ አየሁ። ከጎኔ የነበረችው ልጅ እዚያው ቆማለች። ግራ ጆሮዋን ትነካካለች፣ ደጋግማ፤ ከፊቷ ግን ማንም አልቆመም። እስካሁን ትመጣብኛለች።

ባቡር ውስጥ እናቴ እጄን አልለቀቀችም። "አየሁሽና አለፍኩሽ" አለች። "ዓይኔ እያየ አለፍኩሽ እኮ።" አለቀሰች፤ ቀናም አላለች። ድምፅ ስላልነበረኝ ራሴን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁላት።

ቀጥሎ በመጣው እሁድ አባቴ እንደ ልማዱ ውሃውን አሙቆ ገንዳውን ሳሎን መሃል አስቀመጠው። ከዚያ ምን እንዳደረገ ገባውና ቆሞ ቀረ። አሳዘነኝ፤ ዝቅ ብዬ ታጠብኩለት። ውሃው አልደፈረሰም። ዱካው ላይ ተቀምጦ ፊቴን ሲፈልግ ቆየ።

"የለችም?" አልኩት። ከማስተካከያው በኋላ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ነው፤ ድምፄ ሻካራ ነበር።

"የለችም" አለኝ።

ተነሳሁና ክንዴን አነሳሁ። አባቴ እጁን አፉ ላይ አደረገ። "እናቴ" አለ፣ "እናቴም እንዲህ ነበር የምትጨፍረው። ክንዷን እንደ አባቴ በሬ ቀንድ አድርጋ። ክርኗን ልክ እንዳንቺ ውጪ አውጥታ።" አለቀሰ፣ ግን እየሳቀ ነው። እሱም ተነሳ።

እናቴ ከጓዳ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። መስኮቱን ዘጋች፣ መጋረጃውን ሳበች። አሁን ትቆጣናለች ብዬ ስጠብቅ መጥታ ከመሃላችን ቆመችና ሁለት ክንዷን ወደ ላይ ሰቀለች።

"ግራሽን ዝቅ አድርጊው" አላት አባቴ፣ ክንዷን ይዞ እያወረደላት።